ሚስተር ሁፐር የት ሄዱ?

ልጆችዎ የሚወዱትን የቴሌቪዥን ፕሮግራም አብረዋቸው ተቀምጠው ሲያዩ ዓይንዎ ማን ላይ ያርፋል? አብዛኞቻችን የምናስታውሰው አሻንጉሊቱን ነው። ኤልሞን የማያውቅ የከተማ ልጅ ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። ያ ቀይ ፀጉራም አሻንጉሊት በትምህርት ቤት ቦርሳ ላይ አለ፣ በቲሸርት ላይ አለ፣ በልደት ኬክ ላይ ሳይቀር አለ። ከአሻንጉሊቱ አጠገብ ቆሞ "እሺ፣ ከዚያስ?" እያለ የሚያዳምጠውን ትልቅ ሰው ግን ስሙን የሚይዝለት የለም። በፊልሙ ዓለም እንዲህ ያለው ሰው አጃቢ ተዋናይ ይባላል። ዛሬ የማጫውትዎ ከእነዚህ አጃቢዎች መካከል ስለ አንዱ ነው፤ በሕይወት ሳለ ልጆችን በሳቅ ስላጫወተ፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ወላጆች አፍ አውጥተው ሊናገሩት የሚፈሩትን ነገር እንዲናገሩ ስለረዳ ሰው።

ስሙ ዊል ሊ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1969 አሜሪካ ውስጥ "ሰሳሚ ስትሪት" የተባለው የልጆች ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተላለፍ፣ የ61 ዓመቱ ዊል ሊ የሰፈሩ ባለሱቅ ሆኖ ብቅ አለ። የገጸ ባሕሪው ስም ሚስተር ሁፐር ነው። ፓፒዮን ክራቫት ያስራሉ፣ ሽርጥ ያገለድማሉ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው። (ተዋናዩን "እሱ" ብዬ ባለሱቁን "አንቱ" ማለቴን ልብ ይበሉልኝ። በእኛ አስተዳደግ ሽበት ያወጣ ባለሱቅ አንቱ ካልተባለ ማን ይባላል?)

ሚስተር ሁፐርን ለማወቅ አሜሪካ መኖር አያስፈልግም። እርስዎ ባደጉበት ሰፈርም እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። ሲያዩት ኮስተር ያለ ነው፤ "ልጆች፣ ከበሩ ላይ ዞር በሉ!" ይላል። ሳሙና ተልከው ሄደው ሳንቲም ሲጎድልዎ ግን "ነገ ታመጣለህ" ብሎ ይሰጥዎታል። እናትዎ ከሥራ ስትዘገይ ደግሞ ሱቁ ደጃፍ ላይ ያስቀምጥዎታል። ሚስተር ሁፐርም እንዲሁ ናቸው። ያጉረመርማሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ በመጨረሻ ግን የተጠየቁትን ያደርጋሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያጉረመርሙት በቢግ በርድ ላይ ነው። ቢግ በርድ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ተኩል የሚጠጋ ቢጫ ወፍ ነው፤ ዕድሜው ግን የ6 ዓመት ልጅ ነው። በወፉ ውስጥ ሆኖ የሚጫወተው ካሮል ስፒኒ የሚባል ባለሙያ ነበር። ቢግ በርድ በየቀኑ ወደ ሱቁ ይመጣና የወፍ ጥሬ የተጨመረበት ሚልክሼክ ያዛል። ስማቸውን አንድም ቀን አስተካክሎ ጠርቷቸው አያውቅም፤ "ሚስተር ሉፐር" ይላቸዋል፣ ሌላም ሌላም ይላቸዋል። እሳቸው ሁልጊዜ "ሁፐር! ሁፐር!" ብለው ያርሙታል። ቀልዱ ይኸው ነው። 13 ዓመት ሙሉ ተደጋገመ፣ ልጆችም 13 ዓመት ሙሉ ሳቁበት። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ምክንያቱን ያውቃል። ልጅ አንዴ የሳቀበትን ነገር መቶ ጊዜ ቢደግሙለት አይሰለቸውም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ራሱ ደስታው ነው።

አንድ የማልረሳው ታሪክ አላቸው። ሚስተር ሁፐር በዚያ ዕድሜያቸው የማታ ትምህርት ተምረው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የምስክር ወረቀት ያገኛሉ። የሰፈሩ ሰው የመጀመሪያ ስማቸው ሃሮልድ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ አጋጣሚ ነው። ገና ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች በሚያዩት ፕሮግራም ላይ አንድ አዛውንት ተማሪ ሲሆኑ ማሳየት ምን ያህል የታሰበበት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ዊል ሊ ግን ወደ ልጆች ቴሌቪዥን የመጣው ሌላ ሥራ አጥቶ የተጠጋ ጀማሪ ሆኖ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1908 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ተወለደ። በ1930ዎቹ የአሜሪካን የትወና መንገድ ከለወጡት ቡድኖች አንዱ በሆነው "ግሩፕ ቲያትር" ውስጥ ሠርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ወታደሮችን የሚያዝናኑ ትርኢቶች ላይ አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ በሆሊውድ ፊልሞች ውስጥ ትናንሽ ሚናዎችን ያገኝ ጀመር። ስሙ በፖስተር ላይ በትልቁ አይጻፍም፤ ሥራ ግን ነበረው።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። አሜሪካ ውስጥ "ኮሚኒስት ነህ፣ ኮሚኒስት ታውቃለህ" እየተባለ አርቲስቱ ሁሉ የሚመረመርበት ጊዜ ነበር። ዊል ሊም እ.ኤ.አ. በ1950 በምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ ኮሚቴው የፈለገውን ትብብር ግን አላደረገም። ውጤቱ ጥቁር መዝገብ ውስጥ መግባት ሆነ። ለዓመታት የፊልምም የቴሌቪዥንም በር ተዘጋበት። በዚያን ጊዜ እንጀራው የመድረክ ቲያትርና ትወና ማስተማር ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በኋላ የአሜሪካ ልጆች እንደ አያታቸው የሚያዩት ሰው በአንድ ወቅት ለቴሌቪዥን አይታመንም ተብሎ ነበር። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም ማለቴ አልቀረም።

እና ይህ ሁሉ ልምድ ያለው ሰው ለምን ከአሻንጉሊት ጋር ሚልክሼክ መቅዳት መረጠ? ከተናገራቸው ነገሮች እንደምንረዳው ሚናውን በደስታ ነበር የተቀበለው። በትልቅ ቲያትር ውስጥ አንዳንዴ የሚገኘውን ስሜት፣ የሠሩት ነገር ተጽዕኖ ማቆሚያ እንደሌለው የሚሰማዎትን ያንን ስሜት፣ በዚህ የልጆች ፕሮግራም ውስጥ አግኝቶታል።

ሥራውም ከሚታየው በላይ ከባድ ነው። አሻንጉሊት በራሱ ሕይወት የለውም። ልጁ ቢግ በርድን እንደ እውነተኛ ፍጡር የሚያየው ሚስተር ሁፐር እንደ እውነተኛ ፍጡር ስለሚያዩት ነው። ተዋናዩ ዓይኑን ከላባው ላይ ለሰከንድ ቢያነሳ፣ "ይኼ እኮ ልብስ ነው" የሚል ነገር ፊቱ ላይ ቢታይ፣ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ከልጆች ጋር "ሻይ ቤት" የተጫወተ ወላጅ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ባዶውን ስኒ በእውነት ካልጠጡት ጨዋታው አለቀ።

ዊል ሊ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1982 በልብ ድካም ሞተ። 74 ዓመቱ ነበር። አስቀድመው የተቀረጹ ክፍሎች ስለነበሩ ለተወሰነ ጊዜ በቴሌቪዥን መታየቱን ቀጠለ። ለአዘጋጆቹ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ተደቀነ። ሚስተር ሁፐርን ምን እናድርጋቸው?

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው። በእኛ ሙያ የአንድ ምርት መታወቂያ የሆነ ሰው ሲለይ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ "ማን ይተካው?" የሚል ነው። ደንበኛው እንዳይደናገጥ፣ ለውጡ እንዳይታወቅ፣ ነገሩ በለስላሳው እንዲያልፍ ይፈለጋል። ሰሳሚ ስትሪትም ይህን ማድረግ አያቅተውም ነበር። ጎርደን የተባለውን ገጸ ባሕሪ እስከዚያ ድረስ ሦስት የተለያዩ ተዋንያን እየተቀባበሉ ተጫውተውታል። ስለዚህ ለሚስተር ሁፐርም ሌላ ሽማግሌ ፈልጎ ሽርጡን ማልበስ ይቻል ነበር። ሌላው የቀረበው ሐሳብ "ጡረታ ወጥተው ፍሎሪዳ ገቡ" ማለት ነበር። ፍሎሪዳ ብርድ የሰለቻቸው የኒው ዮርክ አዛውንቶች የሚሄዱበት ሞቃት ግዛት ስለሆነ ለማመን አያስቸግርም።

በዋና አዘጋጇ ዳልሲ ሲንገር የሚመራው ቡድን ሁለቱንም አልተቀበለም። ለልጆቹ እውነቱ ይነገር ተባለ።

እዚህ ላይ ለአፍታ ወደ ቤታችን ልመልስዎ። በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ለትልቅ ሰው እንኳ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል። ለቀስተኛው ይመጣል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል። ለልጁ ግን መርዶ የሚባል ነገር የለም። ልጁ ጎረቤት ይላካል። "እትዬ የት ሄዱ?" ሲል "ውጭ አገር" ይባላል።

እኔ የ6 ዓመት ልጅ ሳለሁ አያቴ ሲያርፉ የተነገረኝ ለሕክምና ውጭ አገር እንደሄዱ ነበር። አውሮፕላን በሰማሁ ቁጥር ግቢ ወጥቼ እጄን አውለበልብ ነበር። እውነቱን የነገረኝ አንድ የሰፈር ልጅ ነው፤ ያውም በብይ ተጣልተን፣ ሊያናድደኝ ብሎ። ቤተሰቦቼ ክፉ አስበው አልነበረም፤ የሚያውቁትን የፍቅር መንገድ ነው የተከተሉት። ግን ልብ ይበሉ፣ ወሬው መድረሱ አልቀረም። ከእነሱ አፍ አልመጣም እንጂ።

የሰሳሚ ስትሪት ሰዎች ያሳሰባቸውም ይህን የመሰለ ነገር ነበር። የሥነ ልቦና፣ የልጆች እድገትና የሃይማኖት ባለሙያዎችን አማከሩ። ጽሑፉን የያዘው ዋናው ደራሲ ኖርማን ስታይልስ ነው። ከምክክሩ የወጣው ነገር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሚስተር ሁፐር ሞተዋል፣ ተመልሰው አይመጡም፣ ይናፍቁናል። በቃ። አሟሟታቸውን ሆን ብለው ዘለሉት። "ታመው ሞቱ" ቢባል ነገ ጉንፋን የያዘው ልጅ ምን ያስባል? "ስላረጁ ሞቱ" ቢባል አያቱ ጭን ላይ የተቀመጠው ልጅስ? ከሞት በኋላ ስላለው ነገርም ምንም አልተናገሩም። እሱን ለየቤቱ እምነት ተዉት።

የሚተላለፍበት ቀንም ተመረጠ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1983 አሜሪካውያን ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያሳልፉት የምስጋና በዓል ነበር። ልጁ ፕሮግራሙን አይቶ ዘወር ሲል የሚጠይቀው ሰው ቤት ውስጥ እንዲኖር ታስቦ ነው።

አሁን ትዕይንቱን ልንገርዎ። መጀመሪያ አካባቢ ቢግ በርድ አንገቱን በእግሮቹ መሀል አሾልኮ ሲራመድ ጎርደን ያየውና ለምን እንዲህ እንደሚሄድ ይጠይቀዋል። የወፉ መልስ "እንዲያው ነዋ!" የሚል ዓይነት ነው። የልጅ መልስ። ተመልካቹ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

በኋላ ትልልቆቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው እያወሩ ሳለ ቢግ በርድ ሥዕሎች ይዞ ይመጣል። የእያንዳንዳቸውን ፊት ስሏል። ያድላቸዋል፣ ያደንቁለታል፣ ይሳሳቃሉ። አንድ ሥዕል ይቀራል፤ የሚስተር ሁፐር ነው። "የት አሉ? ልስጣቸው" ይላል። ሳቁ ይቆማል። ማሪያ ቀስ ብላ፣ ነግረንህ ነበር እኮ፣ ሞተዋል ትለዋለች። ቢግ በርድ "አዎ፣ አስታወስኩ" ይልና "እንግዲያው ሲመለሱ እሰጣቸዋለሁ" ይላል።

ከሁሉም የነካኝ ይህ ቦታ ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ሞትን የሚረዳው ልክ እንዲህ ነው። ቃሉን ያውቀዋል፤ ትርጉሙ ግን ከጉዞ ወይም ከእንቅልፍ አይለይበትም። ዛሬ የነገሩትን ነገ እንደ አዲስ ይጠይቅዎታል። አልሰማ ብሎ አይደለም፣ ነገሩ ገና ስላልገባው ነው። ሱዛን ለወፉ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ስትነግረው ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ራሱ ነው። ሚልክሼኩን ማን ይሠራልኛል? ተረት ማን ያወራልኛል? ይህም ራስ ወዳድነት አይደለም። ልጅ ፍቅርን የሚለካው በሚደረግለት ነገር ነው። ዴቪድ ሱቁን እሱ እንደሚይዝና ሚልክሼኩንም እንደሚሠራለት ይነግረዋል። እንደ ድሮው አይሆንም ይላል ቢግ በርድ። ቦብም አያባብለውም፤ ልክ ነህ፣ እንደ ድሮው አይሆንም፣ ግን ስላወቅናቸውና ስለወደድናቸው ደስ ሊለን ይችላል ይለዋል።

በመጨረሻ ቢግ በርድ ይቆጣል። ለምን እንዲህ ይሆናል? አንድ ምክንያት ስጡኝ! ይላል። ጎርደን ዝም ብሎ ያየውና፣ ምክንያቱ... እንዲያው ነው፣ ይለዋል። ያ ጠዋት ያሳቀን መልስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ትልልቆቹም ከዚህ የተሻለ መልስ የላቸውም።

በዚያ ትዕይንት ላይ የሚያዩት እንባ የትወና እንባ አይደለም። ሁሉም ለዓመታት አብረውት የሠሩትን ሰው ነው የሚሰናበቱት። ቢግ በርድ ሥዕሉን እያየ "ይናፍቁኛል፣ ሚስተር ሉፐር" ሲል ማሪያ እንባዋን እየታገለች ታርመዋለች፤ ሁፐር። የሚያርመው ሰው የለማ።

እርስዎም ይህን ዜና ለልጅዎ የሚነግሩበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጅ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ፤ ቋንቋችን ለሞት የሚያምሩ መሸፈኛዎች አብዝቶ ሰጥቶናል። አረፉ እንላለን፣ አንቀላፉ፣ ተለዩን፣ ሄዱ። ለትልቅ ሰው አክብሮት ነው። ለ4 ዓመት ልጅ ግን ማረፍ ማለት ሶፋ ላይ መቀመጥ ነው፣ ማንቀላፋት ማታ ማታ የሚያደርገው ነገር ነው። አያቱ አንቀላፍተው ካልነቁ እሱስ ዛሬ ማታ ለምን ይተኛል? ባለሙያዎች "ሞተዋል" የሚለውን ቃል ፈርተው እንዳይሸሹ የሚመክሩት ለዚህ ነው። ሰውነታቸው መሥራት አቁሟል፣ አይተነፍሱም፣ አይርባቸውም፣ አያማቸውም ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የእምነትዎን ይጨምሩ። "እግዚአብሔር ስለወደዳቸው ወሰዳቸው" የሚለውን ግን ቢጠነቀቁለት ይሻላል፤ ልጁ እኔንም ከወደደኝስ ብሎ ሊፈራ ይችላል። ደግሞም ትንሽ ልጅ "እኔ ስላስቸገርኳቸው ነው" ብሎ ሊያስብ ስለሚችል፣ ባይጠይቅዎትም ያንተ ጥፋት አይደለም ይበሉት። ሲያለቅሱ ቢያይዎትም አይደንግጡ፤ ማሪያም አልቅሳለች።

እኛም ሚስተር ሁፐራችንን አጥተናል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ አጃቢ አልነበሩም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ሰዓት ማለት እሳቸው ነበሩ። እንደ ዊል ሊ ሁሉ ግን ከቲያትር መድረክ መጥተው ልጆችን በአክብሮት ያጫወቱ ሰው ናቸው። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በየቤቱ ያለቀሱት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ በተረታቸው ያደጉ፣ አሁን የራሳቸው ልጆች ያሏቸው። "አባዬ፣ ማን ሞቶ ነው?" ለሚል ልጅ ያኔ ምን እንደተመለሰ የየቤቱ ታሪክ ነው።

ሚስተር ሁፐርን የሚያሳየውን ያንን ሥዕል የሳለው ካሮል ስፒኒ ራሱ ነበር። ቢግ በርድ ወስዶ ከጎጆው በላይ ሰቀለው፤ እኛ የሟቹን ፎቶ በፍሬም አድርገን ሳሎን እንደምንሰቅለው ማለት ነው። ስፒኒ ከዚያም በኋላ ለ35 ዓመታት በፕሮግራሙ ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ጡረታ ወጣ፣ በ2019 አረፈ። ሱቁም ባለቤት ቢቀያየርበትም ስሙ ዛሬም የሁፐር ሱቅ ነው።

ትዕይንቱ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። ለልጅዎ ከማሳየትዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ብቻዎን ይዩት፤ መሐረብም አይርሱ።